“እኔ የታለሁ?”

“ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” ይላሉ አበው። እኔ ግን ዘንድሮ የተማርኩት ድሩ ሳያብር “አበረ” ብሎ ማውራት ሰው ፊት እንደሚያሳፍር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የክፍላችን ልጆች ጽሑፎቻችንን በድረ ገጽ ለማውጣት ስንስማማ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። ምክንያቱ ሌላ አይደለም፤ ከሁሉም ቀድሜ “እችላለሁ” ስላልኩ ነው። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር የሚያሳየውን፣ ግራፍ የሚሥለውን፣ ርዕስ የሚያንቀሳቅሰውን የጃቫስክሪፕት ኮድ ሁሉ ከኢንተርኔት እየለቀምኩ አጨቅኩበት። ከዚያም ደሴ ፒያሳ አካባቢ ቡና የሚያፈሉ እናት ስለ ሥራቸው አነጋግሬያቸው ስለነበር፣ ዘገባውን በራሳቸው ስልክ ከፈትኩላቸው። ነጭ ገጽ ተገትሮ ቀረ። ጀበናው እስኪወርድ ጠበቅን። በመጨረሻ ቢከፈትም “የኔ ልጅ፣ ይኼ ነገር ካርዴን በላው እኮ!” አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔ ጌጥ ያልኩትን የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው።

ቅዳሜ ኮምቦልቻ ወረድኩ። የአጎቴ ልጅ እዚያ ሶፍትዌር ይማራል። የሀረጎን ቁልቁለት ጨርሰን የኮምቦልቻ ሙቀት ሲቀበለኝ ጃኬቴን አወለቅኩ፤ እሱ ደግሞ ገጼን ገና ከማየቱ “ሰውን ይኼን ሁሉ ለምን ታሸክማለህ?” ብሎ ሳቀብኝ።

ያስረዳኝን በአጭሩ ልንገራችሁ። የጃቫስክሪፕት ሥራ ሞጁል በሚባሉ ብዙ ትንንሽ ፋይሎች ተከፋፍሎ ይጻፋል። አንዱ ፋይል ከሌላው የሚፈልገውን “ኢምፖርት” ብሎ ይጠራል፤ ቋንቋው ይህን አጠራር በደንቡ ያካተተው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ባንድለር የሚባለው ፕሮግራም ከአንድ መነሻ ፋይል ይጀምርና ጥሪዎቹን እየተከተለ ሁሉንም በአንድ ፋይል ይጠቀልላል። እኛ የተጠቀምነው ሮልአፕን ነው። የጀመረው ሪች ሃሪስ በዚያው በ2015 ጋርዲያን ጋዜጣ ውስጥ ይሠራ ነበር። ከጋዜጣ ቤት የወጣ መሣሪያ መሆኑን ስሰማ ደረቴ ነፋ አለ!

አሠራሩ ቁልፍም ሥዕልም የለውም። ጥቁር መስኮት ይከፈታል፤ በአንድ መስመር የፕሮግራሙን ስም፣ የመነሻውን ፋይል፣ የውጤቱን ፋይል፣ በመጨረሻም ለብራውዘር የሚስማማውን ቅርጽ ትጽፋላችሁ። ኢንተር ስትጫኑ አለቀ። ይበልጥ የገረመኝ ማንም ያልጠራውን ኮድ መጣሉ ነው። እነሱ “ዛፍ መነቅነቅ” ይሉታል፤ ደረቁ ቅጠል ይረግፋል፣ እርጥቡ ይቀራል። መምህራችን በቀይ እስክሪብቶ ከሚሠሩት በምን ይለያል?

ማታ ደሴ ተመልሼ የቀረውን ራሴ ጨረስኩት። ከ600 ኪሎ ባይት በላይ የነበረው ኮድ 9 ሆነ! መስኮቱ በቢጫ የጻፈው ነገር ነበር፤ ታች ግን “ተፈጥሯል” ስለሚል ዘጋሁት። ሰኞ በኩራት ፒያሳ ሄድኩ። ገጹ እንደ መብረቅ ተከፈተ። ርዕሱ አለ፤ ከሥሩ ባዶ ነው። እናት ስልኩን አገላብጠው አዩና “ፈጠነስ ፈጥኗል፤ እኔ የታለሁ?” አሉኝ።

ምን ልበል? የአጎቴን ልጅ ደወልኩለት። “ቢጫውን አንብበኸዋል?” አለኝ። አላነበብኩትም። ሮልአፕ ኖድ ሪዞልቭ የሚባል ተጨማሪ ካልተሰጠው፣ በስም ብቻ የተጠራ ከውጭ የወረደ ኮድ የት እንዳለ አያውቅም። ሥራውን ግን አያቆምም፤ “ይኼን አላገኘሁትም፣ ከውጭ ይመጣል ብዬ ትቼዋለሁ” ብሎ ያስጠነቅቅና ይቀጥላል። ብራውዘሩ ያንን ሲያጣ ኮዱ ቆመ፤ ጽሑፉን የሚያመጣውም ያው ኮድ ስለነበር እሳቸውም አብረው ቀሩ። “አብሽር፣ ሁሉም አንዴ ይሳሳታታል” አለኝ።

ተጨማሪውን ጫንኩ፤ ግራፉንና የሚንቀሳቀሰውን ርዕስም በራሴ እጅ አወጣሁ። ኮዱ 31 ኪሎ ባይት ሆነ። ዘገባውን ደግሞ ከኮዱ አላቅቄ ገጹ ላይ በቀጥታ ጻፍኩት፤ ከእንግዲህ ኮዱ ቢሰበር ቀኑ ይጠፋል እንጂ ሰውየዋ አይጠፉም።

ጓዶች፣ ለጋዜጠኛ ማሳጠር ሙያ ነው። ግን የተቆረጠም የተረሳም ጽሑፍ እኩል ያቀላል፤ ሚዛኑ ብቻ ልዩነታቸውን አይነግረንም። ስለዚህ አሁን ሁለት ነገር ሳላደርግ “ወጥቷል” አልልም፦ ጥቁሩ መስኮት የጻፈውን ከላይ እስከ ታች አነባለሁ፤ ቀጥሎም የተጻፈለት ሰው ስልክ ላይ ከፍቼ አያለሁ።

እናት ዘገባቸውን ካነበቡ በኋላ ቡና ቀዱልኝ። ሂሳቡን ግን አስከፍለውኛል።