የቀፎ ዕድሜና የንብ ዕድሜ

በጉና ተራራ አካባቢ፣ በእስቴም በጋይንትም በስማዳም፣ ለዓመታት ንብ ያልተለየው ቀፎ ያለው ሰው «የድሮ ንቦቼ ናቸው» ቢል አይገርምም። የቆየው ግን ቀፎው ነው። ንቦቹ ብዙ ጊዜ ተተክተዋል።

ሠራተኛ ንብ ሥራ በሚበዛበት ወቅት የምትኖረው 6 ሳምንት ገደማ ነው። በእንቁጣጣሽ አደይ አበባ ላይ ያረፈችው፣ በኅዳር ማር ሲቆረጥ በሕይወት የለችም። ሥራዋን የሚጨርሱት ታናናሽ እህቶቿ ናቸው። እናታቸው አውራዋ ግን ከ3 እስከ 5 ዓመት ልትኖር ትችላለች። አውራዋም ሠራተኛዋም ከአንድ ዓይነት እንቁላል ነው የሚወጡት፤ የሚለያያቸው በእጭነታቸው የሚበሉት ምግብ ነው። ይህ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

 

እኔን የሚያሳስበኝ የሠራተኛዋ ንብ አጭር ዕድሜ ነው። እንቁላል ሠራተኛ ንብ እስኪሆን ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ማር ስንቆርጥ እጭ ያለበትንም እንጀራ ጠርገን ካወጣን፣ በየቀኑ የሚሞቱትን የሚተካ አይኖርም፤ ቀፎውም ይመናመናል። አበባ በያዘ ማሳ ላይ በቀን ፀረ ተባይ መርጨትም ቀሳሚዎቹን ይፈጃል። እባካችሁ፣ መርጨት ግድ ከሆነ ሲመሽ፣ ንቦቹ ከገቡ በኋላ ይሁን፤ ቀፎ ላለው ጎረቤትም አስቀድማችሁ ንገሩት።