ፖስታውን ማን ይክፈተው?



አንዲት እናት የጡት ናሙና ውጤታቸውን ይዘው መጡ። ፖስታው ተከፍቷል። «ዶክተር፣ አሥረኛ ክፍል የሚማረው ልጄ አነበበልኝ። ካንሰር ነው፣ ፖዘቲቭ ነው ይላል። በቃ አልቆልኛል» አሉኝ። ሁለት ሌሊት እናትም ልጅም አልተኙም።

ከመጀመሪያው መስመር ጀምረን አብረን አነበብነው። ካንሰር መሆኑ እውነት ነበር፤ አልሸሸግኋቸውም። ፖዘቲቭ የተባለው ግን የኢስትሮጅን ሆርሞን ተቀባዩ ነው። ይህም ማለት ካንሰሩ ለማደግ ሆርሞኑን ይጠቀማል፤ ስለዚህ ከሌላው ሕክምና ጋር እንደ ታሞክሲፈን ያለ የሚዋጥ መድኃኒት ሊረዳቸው ይችላል። ያን ያህል ያስለቀሳቸው ቃል ተስፋ የሚሰጥ ነበር።

አልወቀስኳቸውም። በእንግሊዝኛ ጽፈን በእጃቸው የምንልከው እኛው ነን።

ውጤትዎን ማንበብ መብትዎ ነው። ነገር ግን፦

✅ በምርመራ ወረቀት ላይ «ፖዘቲቭ» ሁሉ መጥፎ፣ «ኔጌቲቭ» ሁሉ ጥሩ ማለት አይደለም።
✅ ያልገባዎትን ቃል አስምረውበት ይምጡ፤ ሐኪሙ በሚገባዎት ቋንቋ እስኪያስረዳዎ ይጠይቁ።
✅ ለልጅ አያስነብቡ፤ ሸክሙ ይከብደዋል።
✅ ወረቀቱን አይጣሉ፤ ለቀጣይ ሕክምና ያስፈልጋል።

እኚያ እናት ሊወጡ ሲሉ ስልካቸውን አቀበሉኝ። «ለልጄም ይንገሩልኝ፤ እኔ ብነግረው ላጽናናው ይመስለዋል።» ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና «እሺ፣ ሕክምናው መቼ ይጀመራል?» አለኝ።

መልካም ጤና!