«ተፈጽሟል» የሚለው ምላሽ፦ በጅምላ የመረጃ ጭነት ላይ ያጋጠመኝ የልኬት ስህተት

በሆሳዕናና በዱራሜ ዙሪያ ካሉ ጤና ጣቢያዎች የተሰበሰቡ፣ የታካሚ ስም የሌለባቸው ወርሃዊ ሪፖርቶችን በአንድ የመረጃ ቋት ማጠቃለል የማስተርስ ጥናቴ የመጀመሪያ ሥራ ነበር። የምሠራበት ክፍል መብራት ስለሚቋረጥበት የጭነቱን ጊዜ ማሳጠር ለእኔ የምቾት ጉዳይ አልነበረም፤ በመሃል የተቋረጠ ጭነት እንደ አዲስ ይጀመራል።

የተጠቀምሁት ማይኤስኪውኤልን ነው። መረጃ በጅምላ ሲገባ ማውጫዎቹ በየረድፉ ስለሚታደሱ ሥራው ይጓተታል። ስለዚህ «ዲሴብል ኪስ» በተባለው ትእዛዝ ማውጫዎቹን ለጊዜው አግጄ፣ ከጭነቱ በኋላ በአንድ ጊዜ እንዲገነቡ አዘዝሁ። ጭነቱን ከትእዛዙ ጋርና ያለ ትእዛዙ ደጋግሜ ብለካም የጎላ ልዩነት አላገኘሁም። በረቂቄም «ዘዴው በዚህ ዓይነት መረጃ ላይ ጥቅም የለውም» ብዬ ደመደምሁ።

አማካሪዬ ረቂቁን አንብበው አንድ ጥያቄ ብቻ አነሡ፦ «ትእዛዙ መፈጸሙን በምን አረጋገጥህ?»

መልስ አልነበረኝም። ትእዛዙ የሚሠራው በማይአይሳም ሠንጠረዦች ላይ ሲሆን የእኔዎቹ የተፈጠሩት በኢኖዲቢ ነበር። ማይኤስኪውኤል በዚህ ጊዜ ትእዛዙን አይመልስም፤ ተፈጽሟል ይላል። የማከማቻ ሞተሩ አማራጩ እንደሌለው የሚገልጸውን፣ ቁጥሩ 1031 የሆነ ማስታወሻ የሚያነበው ማስጠንቀቂያዎቹን የጠየቀ ሰው ነው። የእኔ ስክሪፕት አልጠየቀም። ያነጻጸርሁት ሁለት ዘዴዎችን ሳይሆን አንዱን ዘዴ ከራሱ ጋር ነበር።

ችግሩ የአንድ ሥርዓት ብቻ አይደለም። በኦራክል ቀጥተኛ ጭነት የተጠየቀበት ሠንጠረዥ ትሪገር ካለበት፣ ሥርዓቱ ያለ ምንም መልእክት ወደ ተለመደው አገባብ ይመለሳል። ፖስትግሬስኪውኤል ግን ሌላ መንገድ መርጧል። «ኮፒ ፍሪዝ» የተባለው የጭነት አማራጭ ለ9.3 ዕትም ሲዘጋጅ፣ ቅድመ ሁኔታው ካልተሟላ በዝምታ ይታለፍ ነበር፤ በጥር 2005 ዓ.ም. ይህ ተለውጦ ትእዛዙ በስህተት መልእክት እንዲቆም ተደረገ።

ረድፎቹ በትክክል እስከገቡ ድረስ ዝምታው ምን ይጎዳል የሚል ይኖራል። መረጃው አይጎዳም፤ የሚጎዳው በፍጥነቱ ላይ ተመሥርቶ ጊዜውን ያቀደውና መደምደሚያውን የጻፈው ሰው ነው። ሁልጊዜ ማቆምም መፍትሔ አይሆንም። የማይኤስኪውኤል መጠባበቂያ ቅጂዎች ይህንኑ ትእዛዝ በልማድ ስለሚይዙ፣ ስህተት ተብሎ ቢቆም መረጃቸውን የሚመልሱ ብዙዎች ይቸገራሉ። በእኔ እምነት ተገቢው ሥራውን ሳያቋርጥ፣ ሳይጠየቅ የሚታይ ማስጠንቀቂያ ነው።

ያን ዓረፍተ ነገር ከረቂቄ አውጥቻለሁ። ማውጫዎቹን ራሴ አጥፍቼ ከጭነቱ በኋላ በመገንባት ልኬቱን ደገምሁ፤ ልዩነቱም ታየ። ዛሬ ስክሪፕቴ ከእያንዳንዱ ትእዛዝ በኋላ ማስጠንቀቂያ መኖሩን ይጠይቃል፤ ካለም ልኬቱን አይመዘግብም።