የቆረጥኳት ሐረግ

ነገሩ ወዲህ ነው። የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ሰኔ 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ዴክሳሜታሶን የሚባለው ርካሽና አሮጌ መድኃኒት በኮሮና ክፉኛ የታመሙትን ከሞት እንደሚታደግ ይፋ አደረጉ። የጤና ሚኒስቴራችንም በዚያው ሰሞን ኦክስጂን ወይም የመተንፈሻ መሣሪያ ለሚያስፈልጋቸው ሕሙማን እንዲሰጥ መከረ። እኔም ወሬውን ተርጉሜ ለአንድ ጋዜጣ ሰጠሁ። ዓምዱ ጠባብ ነበርና «ኦክስጂን ለሚያስፈልጋቸው» የምትለዋን ሐረግ ቆረጥኳት። እውነቱን ለመናገር ያለ እሷ ርዕሱ ይደምቅ ነበር።

አጎቴ ጋዜጣዋን መርሳ ድረስ አስመጥተው አስነበቡ። ፍራፍሬ ነጋዴ ናቸው፤ የስኳር በሽታም ነበረባቸው። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ትኩሳት ሲይዛቸው ገና በሦስተኛው ቀን ደወሉልኝ።

«ያ አንተ የጻፍከው ክኒን እዚህም ይሸጣል አሉኝ፤ ልዋጠው?»

«ይዋጡት፣ ጋሼ» አልኳቸው። ሳል እንጂ የትንፋሽ ችግር አልነበረባቸውም።

ይህ በሽታ ሁለት ፊት አለው። በመጀመሪያው ሳምንት የሚያጠቃው ቫይረሱ ራሱ ነው፤ የሰውነት መከላከያም ይዋጋዋል። አንዳንዱ ሰው ላይ ግን ቫይረሱ መዳከም ሲጀምር መከላከያው አልበርድ ይላል፤ ሳንባውን ራሱን ያቆስላል፣ የአየር ከረጢቶቹም ፈሳሽ ይሞላሉ። ጠላት ከሸሸ በኋላ ተኩሱን ያላቆመ ሠራዊት ምን እንደሚያደርግ ለሀብሩ ሰው ማስረዳት አያሻም። ዴክሳሜታሶን የሚያበርደው ይህንን ተኩስ ነው። ጠላት ገና በር ላይ ሳለ ከተሰጠ ግን ዘቡን ትጥቅ እንደ ማስፈታት ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ በዓለም ዙሪያ ጎረምሳውንና ጎልማሳውን ለይቶ የጣለው በዚሁ የመከላከያ ቁጣ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ተመራማሪዎች ብዙ ናቸው። ያኔ ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል።

ሠንጠረዡን ያነበብኩት ዘግይቼ ነው። በ6,425 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ነበር። በመተንፈሻ መሣሪያ ከነበሩት መድኃኒቱን ካላገኙት 100 ሰዎች 41 ያህሉ ሲሞቱ፣ ካገኙት 29 ሞቱ። ኦክስጂን ካላስፈለጋቸው ግን ካልወሰዱት 14፣ ከወሰዱት 18። የኋለኛው ልዩነት የአጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ጥቅም እንዳልሰጠ ግን ግልጽ ነው።

በዘጠነኛው ቀን ትንፋሽ አጠራቸው። ጎረቤት ገሚሱ ዱዓ እያደረገ፣ ገሚሱ ጠበል ይዞ፣ በሚኒባስ ወልድያ አደረሷቸው። ስኳራቸው ከልክ በላይ ወጥቶ ተገኘ፤ ክኒኑ ስኳር ከፍ እንደሚያደርግ ያኔ አላውቅም ነበር። የሚያስቀው፣ ካስቀም ነው፣ ሐኪሟ ኦክስጂን ሰክታ ያንኑ ዴክሳሜታሶን በቀን 6 ሚሊ ግራም ከኢንሱሊን ጋር አዘዘችላቸው። አሁን ጊዜው ነበራ። በአራተኛው ቀን አረፉ።

ለለቅሶ መርሳ ስደርስ አክስቴ ከሣጥናቸው ግማሹ ያለቀ የክኒን ቅጠል አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡ።

«አንተ የተማርክ ነህ። ይኸ ነው የገደላቸው?»

«አይታወቅም፣ እትዬ» አልኩ። ስለ 14ና ስለ 18 ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ተውኩት።

«እንግዲያስ ለማን ነበር የሚሰጠው?»

ያችን የቆረጥኳትን ሐረግ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና ቡናውን ሊቆሉ ተነሡ። ክኒኑ እጄ ላይ ቀረ።