አንድ ክንድ የማትሞላ ፔጆ
(የሐረር ጉዞ ማስታወሻ)



ሐረር ደርሶ የተመለሰ ሰው ስለ ጀጎል ግንብና ስለ አምስቱ በሮች፣ በግንቡ ውስጥ ስላሉት 82 መስጊዶች ቢጽፍ የሚነቅፈው የለም። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችውም በዚሁ ነው። እኔ ግን የማወጋችሁ ስለ አንዲት መኪና ነው፤ ያውም ርዝመቷ 44 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ የእንጨት መኪና።

ፈረስ መጋላ ማለት የፈረስ ገበያ ማለት ነው። ዛሬ በአደባባዩ ፈረስ አይሸጥም፤ የፈረሱን ቦታ ፔጆ 404 ከወሰደው ብዙ ዘመን ሆኖታል። ባጃጅ ከመጣ ወዲህ ቁጥራቸው ቢመናመንም ሰማያዊና ነጭ የተቀቡት ታክሲዎች ጨርሰው አልጠፉም። ፈረንሳዮች ይህችን መኪና ከ1960 እስከ 1975 (እ.ኤ.አ.) በአገራቸው ሠርተዋታል። መልኳን የነደፈው ፒኒንፋሪና የተባለው የጣሊያን ድርጅት ነው፤ ከኋላ ፓራፋንጎዋ ላይ የተሳሉትን ሁለት ጭራዎች ያየ ሰው በሌላ መኪና አይስታትም። ሞተሯ 1618 ሲ.ሲ. ሲሆን ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ ወደ ጎን ጋደም ብሎ ነው የታሰረው። ማርሿ ከመሪው ሥር ነው። ባትሪ ቢሞት በማኖቬላ ከፊት ትነሣለች። እንግዲህ መለዋወጫ ርቆ፣ ዳገት በበዛበት አገር ለምን እንደተወደደች ከዚህ በላይ ማስረዳት አያሻም።

ብዙ ወጣቶች የማያውቁት ግን ይህች የታክሲ መኪና የውድድር ጀግና መሆኗን ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የተጀመረው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ ጭቃና አቧራ ላይ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የሚያስሮጥ ነበር። ጊዜው የፋሲካ ሰሞን ስለሆነ ዝናቡ መንገዱን ወንዝ ያደርገዋል። በ1963 84 መኪኖች ተነሥተው እስከ መጨረሻው የደረሱት 7 ብቻ ነበሩ። ከ7ቱ ፊት የገባችው 404 ናት፤ ነጂዎቿ ኒክ ኖቪትስኪና ፓዲ ክሊፍ ይባላሉ። በ1966ና በ1967 በርት ሻንክላንድና ክሪስ ሮትዌል በዚያችው ዓይነት መኪና አሸነፉ። በ1968 ደግሞ ዳግመኛ 7 መኪኖች ብቻ ሲደርሱ ኖቪትስኪና ክሊፍ በ404 ድሉን ደገሙት። አራት ጊዜ መሆኑ ነው።

ወደ ሐረር የወሰደኝ ይህ ታሪክ አይደለም። እህቴ እዚያ ነው ያገባችው። ባለቤቷ (አላህ ይዘንለትና) ዕድሜውን በ404 ታክሲ እንጀራ ሲበላ ኖሮ ከሁለት ዓመት በፊት ወደ አኺራ ሄደ። መኪናዋም ሞተሯ ለአንዱ፣ በሮቿ ለሌላው እየተባለ ተሸጠች። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጁ ያን ጊዜ ምንም አልተናገረም። ዘንድሮ ግን ስልክ ደውሎ «አጎቴ፣ የአባቴ መኪና ርዝመቷ ስንት ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። ለምን ብለው፣ ከእንጨት ሊሠራት እንዳሰበ ነገረኝ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር አሥር ቀን ልቆይ ብዬ ሄድኩ።

የመጀመሪያው ቀን ልኬት ነበር። የሟቹ ጓደኛ የነበሩ አንድ ሐጂ መኪናቸውን ከዙሁር እስከ ዐስር አቆሙልን፤ የዚያን ቀን ገቢያቸው ነው እንግዲህ የቀረው። ልጁ ሜትሩን ይዘረጋል፣ እኔ ባለ ካሬ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ርዝመቷ 4 ሜትር ከ44፣ ከፊት ጎማ እምብርት እስከ ኋላ ጎማ እምብርት 2 ሜትር ከ65፣ ከፍታዋ 1 ሜትር ከ45። ሁሉንም ለ10 ስናካፍለው ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ሒሳብ የሚያስተምር ሰው ለምን አሥረኛ እጅ እንደመረጥኩ ይገባዋል፤ ነጥቧን አንድ ቤት መግፋት ብቻ ነው።

ከዚያ የጎኗን፣ የፊቷንና የላይዋን ቅርጽ በካርቶን ቆርጠን ፎርማ አወጣን። ሠፈሩ ያለ አናጢ እጅ የማያስቸግር የዋንዛ ግንድ ሰጠን። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ እንጨቱ በመሮ ይጠረባል፣ በሞረድ ይስተካከላል፣ በየጊዜው ፎርማው ይለካበታል፤ ብርሃን በመካከል ካለፈ ገና ነው ማለት ነው። ለቸርኬው ክብ እንጨት፣ ለጎማው የብስክሌት ካላመዳሪ፣ ለፓራውልቱ የለስላሳ ቆርቆሮ፣ ለመስታወቱ የሸሚዝ ማሸጊያ ላስቲክ ተጠቀምን። የቤቱ ነደባ ሁሉ ፍቅፋቂ ለበሰ፤ እህቴ ሁለት ቀን ዝም አለች።

በሦስተኛው ቀን ልጁ የፊቷን ፍርግርግ ሲሠራ ቆም አለና «አጎቴ፣ አንበሳውን እንቅረጸው ወይ?» አለኝ። የፔጆ ምልክት አንበሳ መሆኑን ታስታውሳላችሁ። በመድረሳ የተማርኩትን አሰብኩ። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) በሥዕል ለሚተዳደረው ሰው ዛፍንና ነፍስ የሌለውን እንዲሠራ መክረውታል፤ መኪና ከዚህ ወገን ስለሆነች ችግር የለባትም። በሌላ በኩል እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በልጅነታቸው በመጫወቻዎቻቸው መካከል ባለ ክንፍ ፈረስ እንደነበራቸውና ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባዩት ጊዜ እንደሳቁ በአቡ ዳውድ ተዘግቧል። ስለዚህ ዑለማዎች በልጆች መጫወቻ ላይ ሰፋ አድርገው ማየታቸውን ነገርኩት፤ ጥንቃቄው ግን አይጎዳም አልኩ። ልጁ ጥቂት አሰበና ወደ ሐጂ መኪና ሮጠ። ሲመለስ ይስቃል። የሐጂ አንበሳ ከወደቀ ሃያ ዓመት አልፎት፣ የቀሩት ሁለት ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው። እርሱም በመርፌ ሁለት ቀዳዳ ወጋና ሥራውን ቀጠለ። እኔ በኪታብ ስፈልገው የነበረውን መልስ መኪናዋ ራሷ ሰጠችው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት መናገር አለብኝ። የሳፋሪውን ታሪክ ከነገርኩት በኋላ መኪናዋ የ1963ቷ አሸናፊ እንድትሆን የወሰንኩት እኔ ነኝ። ልጁ «እሺ» አለ፤ ሐረር ውስጥ ለታላቅ እንዲህ ነው የሚመለሰው። ቀስ በቀስ መሮውም ከእጁ ወደ እጄ ዞረ። እርሱ የጠረበውን ጭራ ሁለት ሚሊ ሜትር ወፍሯል ብዬ አረምኩት። የበሩን መስመር ጠመመ ብዬ በስቱኮ ደፍኜ እንደገና ቀደድኩት። በስድስተኛው ቀን ልጁ ከቁርኣን ቤት ሲመለስ በቀጥታ ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ሊጫወት ወጣ። በሰባተኛውም እንዲሁ። እኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ልብ አላልኩም!

ማታ እህቴ ሐሸራ ቀድታ ሰጠችኝና «ይህ የማን መጫወቻ ነው?» አለች።

«የልጅሽ ነው እንጂ።»

«ታዲያ እርሱ የት አለ?»

መልስ አልነበረኝም። ቀጥላም አባቱ መኪናዋን ሲያጥብ የኋላውን ጭራ የሚያጥበው ልጁ እንደነበረ ነገረችኝ። ወፈረ ብዬ የሞረድኩት ያን ጭራ ነበር።

በማግሥቱ ከሱብሒ በኋላ መሮውን፣ ሞረዱንና ብርጭቆ ወረቀቱን በፊቱ አስቀምጬ «አለቃው አንተ ነህ፤ እኔ ተላላኪ ነኝ» አልኩት። ዓይኔን አላየኝም። ነገር ግን ስቱኮ አምጣ ብሎ አዘዘኝ፤ ጭራውንም በስቱኮ መልሶ አወፈረው።

ቀለሙ ሌላ ፈተና ነበር። ልጁ አስቀድሞ በቤት የነበረውን የዘይት ቀለም ቀብቷት ነበር። እኔ ከጋራዥ የኒትሮ ቀለም ይዤ መጣሁ። «ይኸኛው በደንብ ይድረቅ» ሲለኝ ቀኑ እያለቀ ነው ብዬ አጣደፍኩት። ኒትሮው በላዩ እንዳረፈ ከሥር ያለው ተነሥቶ እንደ ዝሆን ቆዳ ተጨማደደ። የኒትሮ ማቅጠኛ የዘይት ቀለምን ይበላል፤ በኒትሮ ላይ ዘይት ይቀባል እንጂ በዘይት ላይ ኒትሮ አይቀባም። ይህን የነገረን የጋራዡ ቀለም ቀቢ ነው፣ ከሳቀብን በኋላ። እስከ እንጨቱ ፍቀን፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሰን፣ እንደገና ጀመርን። ቀቢው ለትንሽ ነገር ቀለም በጣም መቅጠን እንዳለበትም አስተማረን፤ ወፍራም ከሆነ የበሩን መስመር ይሞላዋል፣ መኪናዋም ሳሙና ትመስላለች። አራት ጊዜ በስሱ፣ በየመካከሉ እያደረቀ፣ ልጁ ብቻውን ቀባት። የመረጠው ቀለም ሰማያዊ ነው፤ ጣሪያዋ ነጭ። ስለ ሳፋሪ አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት በሮቿ ላይ ሁለት ነጭ ክቦች አየሁ፤ የውድድር መኪና ቁጥሩን የሚይዝባቸው ዓይነት። ከፊት ፓራውልቷም ላይ ከባትሪ አምፖል የተሠሩ ሁለት ተጨማሪ መብራቶች ተተክለዋል። የጭቃ መከላከያ ላስቲክም ከኋላ ጎማዎቿ ተንጠልጥሏል። እኔ ሳልጠይቀው የነገርኩትን ሁሉ ሠርቶታል። በክቦቹ ውስጥ ያለው ቁጥር ግን ከየትኛውም ሳፋሪ የመጣ አይደለም።

ሐጂ ወደ አውቶቡስ ሊያደርሱኝ በመኪናቸው መጡ። በመኪና ግርግር፣ ልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪናቸውን በሚያንኳኩበት ጠባብ መንገድ፣ ልጁ መኪናዋን በሁለት እጁ ይዞ ከእኔ ፊት እየሄደ ነበር። ልብስ ሰፊዎቹ አንድ በአንድ እግራቸውን ከፔዳሉ አነሱ። ፈረስ መጋላ ስንደርስ ሐጂ መነጽራቸውን አደረጉና መኪናዋን ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ተመለከቷት። የፊቷን ሁለት ቀዳዳዎች ሲያዩ ሳቅ አሉ። ወደ በሩ ሲደርሱ በነጩ ክብ ውስጥ ያለውን የጓደኛቸውን የጎን ቁጥር አነበቡ። ድምፅ አላወጡም። ዘወትር እኔን የሚያስቀምጡበትን የፊት በር ከፍተው ልጁን «ግባ» አሉት።

«ኡስታዝ፣ እርስዎ ከኋላ ይቀመጡ» አሉኝ።