በዕርቅ ሸንጎ ላይ የሴቶች ስፍራ

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ጓዳ አያያዝና ስለ ንጽሕና በየጊዜው ይጻፋል። እኛ ግን ዛሬ ልንናገር ያሰብነው ስለ አገር ሰላምና ጸጥታ ነው። ምናልባት ከአንባቢዎቻችን መካከል «ይህማ የመከላከያ ሚኒስቴርና የፖሊስ ጉዳይ ነው፤ ከቤተ ሰብ ገጽ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ይገኝ ይሆናል። ጦርነት አስቀድሞ የሚያፈርሰው ቤትን እንደ ሆነ፣ ሰላምም ከወረቀት ወርዶ የሚታየው በቤት ውስጥ እንደ ሆነ ለሚያስተውል ሰው ግን ነገሩ ከዚህ ገጽ የተሻለ ስፍራ የለውም።

«ሴት በተፈጥሮዋ ርኅሩኅ ናትና ሰላምን ታመጣለች» እያሉ የሚያመሰግኑ ሰዎች አሉ። አሳባቸው መልካም ነው፤ እኛ ግን በዚህ ምስጋና አንስማማም። በአገራችን ደም ሊመልስ የሚወጣውን ጐበዝ ልቡን የምታሞቀው፣ በለቅሶ ላይ የገዳዩን ስም እየጠራች የሟቹን ወንድም የምትወቅሰው ብዙ ጊዜ ሴት ናት። ጥቃትዋን የሚያወጣላት ያጣች እንደ ሆነ በሙሾዋ ወንዱን ሁሉ ታሳፍረዋለች። ስለዚህ ሴት ከሸንጎ ትቀመጥ የምንለው የዋህ ስለ ሆነች አይደለም፤ ጠቡንም ዕርቁንም ለማጽናት ኃይል ስላላት ነው። ኃይል ያለውን ሰው ሳይጠይቁ የሚደረግ ስምምነት እንደማይጸና ደግሞ በሥልጣን ላይ ያሉት አንባቢዎቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

ይህንንም በሕፃንነታችን ዘመን በተወለድንበት የደጋ አገር በዓይናችን አይተነዋል። በሁለት ቤቶች መካከል በአንድ የእርሻ ድንበር ምክንያት ጠብ ተነሥቶ ሰው ሞተ። ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ በወይራው ጥላ ሥር ሦስት ጊዜ ተቀመጡ። የገዳይ ወገን ደንጊያ ተሸክሞ ምሕረት ለመነ፤ የደም ካሣው ተቈጠረ፤ ካህኑ መስቀል አሳለሙ፤ በግም ታረደ። እንጀራውን የጋገሩት፣ ጠላውንም የጠመቁት የሁለቱ ወገን ሴቶች ነበሩ። ይሁን እንጂ የሟቹን እናት «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሎ የጠየቃት አንድም ሰው አልነበረም፤ ስለ እርስዋ ሆኖ የማለው የባልዋ ወንድም ነው። እርስዋም ልጅዋ የሞተበትን ጋቢ ከነደሙ አጥፋ በሣጥን አኖረችው፤ ሙት ዓመቱ በዋለ ቍጥርም እያወጣች ለታናሹ ልጅዋ ታሳየው ነበር። ታናሹም ለአቅመ አዳም በደረሰ ጊዜ ከዚያኛው ቤት አንድ ሰው ገደለ። መስቀል የተሳሙበት ዕርቅ እንዲህ ሆኖ ቀረ።

በሁለተኛው ዕርቅ ጊዜ ግን አንድ ያረጁ የደብር አለቃ «አስቀድመን ወደ እናቶቹ ቤት እንሂድ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ከሴት ደጃፍ ቆሞ መለመንን እንደ ውርደት ቈጥረው አንጐራጐሩ፤ ቢሆንም የአለቃውን ቃል መስበር አልተቻላቸውምና ሄዱ። አሁን ሁለቱም ቤቶች ሙት ነበራቸው፤ ሁለቱም እናቶች ተጠየቁ። የመለሱትም ነገር ሽማግሌዎቹን አስደነቀ። አንዲቱ «ወደ ምንጩ የሚወርደው መንገድ በእነርሱ ማሳ ግርጌ ያልፋል፤ ሴቶች ልጆቼ ውኃ ለመቅዳት ሲወርዱ የሚሰድባቸውና የሚያስፈራራቸው እንዳይኖር ማሉልኝ» አለች። ሌላይቱ ልጅዋ ትቶአቸው ለሞተው ሕፃናት መሬታቸውን በየክረምቱ የሚያርስላቸው ሰው ጠየቀች። የደም ካሣውም በአጎት እጅ ገብቶ እንዳይቀልጥ፣ ለሙት ልጆች ላም እንዲገዛበት ሁለቱም አጥብቀው ተናገሩ። ሦስት ጊዜ ከወይራው ሥር የተቀመጡት ሰዎች ስለ ምንጩ መንገድ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰቡም ነበር፤ ውኃ ቀድተው አያውቁምና። ያ ጋቢም በዚያው ሰሞን ታጥቦ ለድኻ ተሰጠ። እኛ ለትምህርት አገሩን እስከ ለቀቅንበት ቀን ድረስ በሁለቱ ቤቶች መካከል ሌላ ደም አልፈሰሰም።

ይህ አሳብ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ነገር የሚመስለው ሰው ቢኖር የኦሮሞን ሥርዓት ይመልከት። ሴት ልጅ ስትዳር የምትቀበለው ሲንቄ የሚባል ቀጭን በትር አለ። ወንዶች ለጠብ በተፋጠጡበት ስፍራ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በመካከል ከቆሙ፣ እነርሱን አልፎ መማታት ታላቅ ነውር ነው፤ በትሩ የማይከብደው ጦር አይመልስም ማለት አይቻልም። የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ሲጻፍ ሁላችንም ተደስተናል። ሲንቄው ግን ለበዓል ፎቶግራፍ ብቻ የሚፈለግ፣ ስለ ጸጥታ በሚመከርበት ቀን ከቤት የሚቀር እንዳይሆን ያሠጋናል።

የመንግሥት ታሪካችንም ቢሆን ለዚህ ነገር ምስክር አያጣም። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛው ክፍል፣ በአማርኛው ኢትዮጵያ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣልያ አማካይነት መጻጻፍ ትችላለች ሲል በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገባት። ይህን ተንኰል አጥብቀው ከተቃወሙት ሰዎች መካከል እቴጌ ጣይቱ ብጡል ግንባር ቀደም ነበሩ። በ1888 ዓ.ም. ሠራዊቱ በመቀሌ ምሽግ ፊት በቆመ ጊዜም የምሽጉ ውኃ እንዲያዝ የተደረገው በእርሳቸው ምክር እንደ ሆነ ይነገራል፤ በውስጡ የነበረውም ጦር በጥማት ተጨንቆ ስፍራውን ለቀቀ። ውኃ ከወዴት እንደሚቀዳ ማወቅ ለጦርም ለዕርቅም እንደሚጠቅም ልብ ይሏል።

በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜም ወይዘሮ ከበደች ሥዩም፣ ባለቤታቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በፍቼ ከተገደሉ በኋላ፣ አርበኞችን እየመሩ ተዋግተዋል። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ለአርበኞች ወሬና ስንቅ በማቀበል፣ በኋላም ራሳቸው በመዋጋት ስማቸው የተጠራ ሲሆን፣ ወደ ኢጣልያ ተወስደው በአዚናራ ደሴት ታስረዋል። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም እንዲሁ የእስራቱን ጽዋ ከቀመሱ በኋላ በ1950 ዓ.ም. በሕዝብ ተመርጠው ወደ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያይቱ ሴት ሆኑ። ከነጻነት በኋላ አንዲት ሴት ከሕግ አውጪዎች መካከል እስክትቀመጥ 16 ዓመት መቈጠሩን ስናስብ ግን ጥቂት እናዝናለን፤ ለእስራቱ ያን ያህል አልተዘገዩም ነበርና።

አሁን ደግሞ የኢትዮጵያ ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ዓርማ ሥር ሰላም ካስከበሩባቸው አገሮች ስለ አንዲቱ፣ በምዕራብ አፍሪካ ስላለችው ስለ ላይቤሪያ እንናገር። ይህች አገር ከ1982 ዓ.ም. ጀምራ በመካከሉ ጥቂት ዕረፍት ብቻ እያገኘች እስከ 1995 ዓ.ም. ድረስ በእርስ በርስ ጦርነት ተቃጠለች። በመጨረሻው ዓመት ወይዘሮ ሌይማ ቦዊና ባልንጀሮቻቸው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ባንድነት፣ ነጭ ልብስ ለብሰው በሞንሮቪያ ከተማ በዓሣው ገበያ አጠገብ በፀሐይና በዝናብ ተቀመጡ። ፕሬዚዳንቱም ቻርልስ ቴይለር ሊሰሙዋቸው ግድ ሆነባቸው። የዕርቁ ንግግር በጋና ዋና ከተማ በአክራ ሲከፈት ሴቶቹ ወደዚያ ተከትለው ሄዱ።

በአክራ የጦር አለቆቹ በሆቴል ተኝተው ስለ ሹመት ክፍያ ሲከራከሩ ሳምንታት አለፉ፤ በሞንሮቪያ ግን ሰው ይሞት ነበር። በሐምሌ ወር ሴቶቹ ከአዳራሹ በር ላይ ክንዳቸውን ቈላልፈው ተቀመጡና «ስምምነት ሳይደረግ ማንም አይወጣም» አሉ። ጠባቂዎች ሊያስነሡዋቸው በመጡ ጊዜ ወይዘሮ ቦዊ ልብሳቸውን አውልቀው ሊጥሉ ጀመሩ፤ በዚያ አገር እናትን ዕርቃንዋን ማየት እርግማን ነውና ጠባቂዎቹ አፈገፈጉ። የእኛም አገር እናት «ባጠባሁህ ጡቴ!» ብላ ስትማጸን ጐበዝ ጠመንጃውን ዝቅ እንደሚያደርግ ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ውሉ ነሐሴ 12 ቀን 1995 ዓ.ም. ተፈረመ። በ1998 ዓ.ም. ወይዘሮ ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ ተመርጠው የአገሪቱን ፕሬዚዳንትነት ያዙ፤ በ2004 ዓ.ም. እርሳቸውና ወይዘሮ ቦዊ ከየመንዋ ከወይዘሮ ተወኩል ከርማን ጋር የኖቤልን የሰላም ሽልማት ተቀበሉ። ነገር ግን አንድ ነገር እንታዘባለን፤ እነዚያ ሴቶች የተቀመጡት በበሩ ላይ እንጂ በጠረጴዛው ዙሪያ አልነበረም። በሩን ለመዝጋት የተገደዱት ወንበር ስለ ተነፈጋቸው ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ከዚያ አስቀድሞ ጥቅምት 21 ቀን 1993 ዓ.ም. በቍጥር 1325 ባሳለፈው ውሳኔ፣ ጠብን በመከላከልና ዕርቅን በማውረድ ሥራ ሴቶች ከውሳኔ ሰጪዎች መካከል እንዲበዙ መንግሥታትን ሁሉ አሳስቦ ነበር። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ርእሰ ብሔርነቱ ለወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ፣ የመከላከያ ሚኒስትርነቱ ለወይዘሮ አይሻ መሐመድ፣ የሰላም ሚኒስትርነቱ ለወይዘሮ ሙፈሪያት ካሚል ተሰጠ። ደስታችን ብዙ ነበር። በ2013 ዓ.ም. በሰሜኑ ክፍል ጦርነት ተነሥቶ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የዕርቁ ውል ሲጻፍ ግን፣ ስለ ሁለቱ ወገኖች የፈረሙት ወንዶች ነበሩ፤ ከአደራዳሪዎቹ ከሦስቱ አንዲቱ፣ የደቡብ አፍሪካዋ ወይዘሮ ፉምዚሌ ምላምቦ ንጉካ፣ ሴት ነበሩ። በዚያ ጦርነት ሴቶች በገላቸው ላይ የደረሰባቸውን ግፍ ግን ሁሉም ያውቀዋል። በ2014 ዓ.ም. በተቋቋመው የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን ምክትልነቱ ለወይዘሮ ሂሩት ገብረ ሥላሴ መሰጠቱን በመልካም እንቈጥረዋለን። ሹመት ከላይ ሲሰጥ ለዓይን ይታያል፤ ጠብ የሚጀመረው ግን በቀበሌ፣ በግጦሽና በምንጭ አጠገብ ነው።

ስለ ጸጥታ ጥበቃም አንድ ነገር እንጨምር። የወንድማችን ልጅ ወታደር ሆና በአብዬ፣ ሱዳንና ደቡብ ሱዳን በሚከራከሩበት አገር፣ ሰላም አስከባሪ ለመሆን በተመረጠች ጊዜ አባትዋ ለብዙ ቀን አኵርፎ ነበር። «ልጄን ለዘመቻ አላሳደግሁም» አለን። እኛ ግን ትሂድ ብለን ተከራከርንላት፤ ነገሩም ሁለት ወር ያህል ወንድማማች አላነጋገረንም። ከዚያ የጻፈችውን ደብዳቤ ኋላ እርሱ ራሱ ለእንግዳ ሁሉ ያነብ ጀመር። በውኃ ጕድጓዱ አጠገብ ሴቶቹ ወንድ ወታደር ሲያዩ ዝም ይላሉ፤ እርስዋን ሲያዩ ግን ቀርበው የታጠቁ ከብት ዘራፊዎች ሌሊት በየት በኩል እንዳለፉ በምልክትም በአስተርጓሚም ይነግሩዋታል። በኬላ ላይም ሴት መንገደኛ በወንድ እጅ እንዳትፈተሽ፣ ሳትፈተሽም እንዳታልፍ ሴት ወታደር የግድ ታስፈልጋለች። አባትዋ ይህን ካነበበ በኋላ «እንዴት ነው ይህን ቀድሞ ያላሰቡት?» እያለ ይደነቅ ነበር።

እንግዲህ የዕርቅ ጉባኤ የምታቋቍሙ የወረዳና የቀበሌ ሹማምንት ሆይ፤ ልመናችን ብዙ አይደለም። ለቍጥር ያህል አንዲት ሴት አስቀምጣችሁ «ሴቶችም ተሳትፈዋል» ብላችሁ አትጻፉ፤ ብቻዋን የተቀመጠች ሴት በዐሥር ወንዶች መካከል አፍዋን የምትከፍተው በጭንቅ ነው። የሹሙን ባለቤት ብቻ ሳይሆን ልጅዋ የሞተባትን፣ በገበያ የምትነግደውን፣ ከመንደሩ ተፈናቅላ በሰው ቤት የተጠጋችውንም ጥሩ። ቃለ ጉባኤው ከመፈረሙ በፊት ማንበብ ለማትችለው ይነበብላት፤ ያላለችው ቃል ቢጻፍ ታሳርመው። ስብሰባውንም በገበያ ቀን አታድርጉት፤ ውኃ ከተቀዳና ከብት ከተሰማራ በኋላ ይሁን። የምታጠባ እናትም ሕፃንዋን አዝላ ብትመጣ በረኛው አይመልሳት።