የቀለህ አንገትና አንድ የድሮ ስህተቴ

ጓደኞቼ፣ በተለይ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ስለ ጥይት ልጽፍ ነው። አትደንግጡ፣ ፖለቲካ አይደለም። መጨረሻው እናንተን ስለሚነካ ግን ሳትሰለቹ አንብቡልኝ።

እዚህ ኮሎራዶ ብዙ የኢላማ ተኳሾች ጥይታቸውን ራሳቸው ቤት ውስጥ ይሞላሉ። የተተኮሰውን ቀለህ አይጥሉትም። ያጸዱታል፣ ዳይ በሚሉት የብረት ቅርጽ ማውጫ ጨምቀው ወደ ልኩ ይመልሱታል፣ ከዚያ አዲስ ፕራይመር፣ ባሩድና አረር ያስገቡበታል። እኔን ወደዚህ ሥራ ያስገባኝ ጡረታ የወጣ የቶርኖ ባለሙያ ጎረቤቴ ነው። «አንተ መለካት የምትወድ ሰው ነህ፤ ይሄ ላንተ ነው» አለኝ።

በ100 ያርድ ደህና ነበርኩ። 600 ያርድ (550 ሜትር ገደማ) ላይ ግን ጥይቶቼ ላይና ታች ይበተናሉ፤ ከአንድ ስንዝር በላይ። እንዲህ ያለ መበተን ብዙውን ጊዜ የፍጥነት መለያየት ምልክት ነው። መለኪያ አስቀምጬ ሳየው እውነትም በፈጣኑና በዘገምተኛው መካከል በሰከንድ 18 ሜትር ልዩነት አገኘሁ። ባሩዱን አንድ በአንድ መዝኛለሁ። አረሩ ከአንድ ፓኮ ነው። ሚዛኑን ጠረጠርኩ፣ ቀየርኩት። ምንም ለውጥ የለም።

ሽማግሌው መጥቶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «እነዚህ ቀለሆች ስንት ስንት ጊዜ ተተኩሰዋል?»

እኔ ምን አውቄ! አንዴ የተተኮሰውም ስድስቴ የተተኮሰውም አንድ ሳጥን ውስጥ ነው ያለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አረሩን ይዞ የሚያቆየው የቀለሁ አንገት ነው። እኔ የምጠቀምበት ባለ .308 አረር ውፍረቱ 7.82 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአንገቱ የውስጥ ስፋት ደግሞ ከዚያ በ0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ እንዲጠብ ይደረጋል። አንድ የፀጉር ዘለላ ያህል ቢሆን ነው። አረሩ ተገፍቶ ሲገባ አንገቱ ጨምቆ ይይዘዋል። ባሩዱ ሲቀጣጠል አንዱ አንገት ቶሎ፣ ሌላው ዘግየት ብሎ ከለቀቀ ግፊቱ የሚያድግበት መንገድ ይለያያል። ፍጥነቱም አብሮ ይለያያል።

ቀለህ ናስ ነው፤ 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ። ናስ በተለጠጠና በተጨመቀ ቁጥር እየጠነከረ ይሄዳል። አዲስ ቀለህ ዳዩ የሰጠውን ልክ ይዞ ይቀራል ማለት ይቻላል። ስድስቴ የተተኮሰው ግን እንደ ስፕሪንግ መለስ ይላል። ስለዚህ በአንድ መሣሪያ፣ በአንድ ቀን ያስተካከልኳቸው ቀለሆች አንገታቸው አንድ ዓይነት አልነበረም። እጄ እኮ ነግሮኝ ነበር! አረሩን ስጭን አንዱ ሰተት ብሎ ይገባል፣ ሌላው ይታገለኛል። ቁጥር ስላልነበረው ችላ አልኩት።

መፍትሔው ተአምር አልነበረም። ቀለሆቹን በተተኮሱበት ብዛት ለየኋቸው። አንገታቸውን ጋዝ ነበልባል ላይ እያሽከረከርኩ ለጥቂት ሰከንድ አሞቅኩ፤ ሙቀት የጠነከረውን ናስ መልሶ ያለሰልሰዋል። (አንገቱና ትከሻው ብቻ! ግፊቱን የሚሸከመው ግርጌው ነው፤ እሱ ከለሰለሰ ተኳሹን ይጎዳል።) ከዳዩ በኋላ ማንድሬል የሚሉትን በልኩ የተሠራ ዘንግ በአንገቱ ውስጥ አሳለፍኩ። የአንገቱ ግድግዳ ውፍረት እኩል ካልሆነ ዘንጉ ልዩነቱን ወደ ውጪ ገፍቶ ውስጡን ያስተካክለዋል። የውስጡን ጥላሸትም ሁሉንም በአንድ ብሩሽ፣ በእኩል ጊዜ ጠረግኩ፤ ፈጽሞ የተላጨ አንገት አረሩን ነክሶ ይይዛልና። አረሩን ስጭን እጄ ላይ ለየት ያለብኝን ለብቻው አስቀመጥኩ። ልዩነቱ ከ18 ሜትር ወደ 8 ወረደ። ባሩዱ ያው፣ አረሩ ያው፣ ጠመንጃው ያው።

ያን ማታ ጋራዥ ውስጥ ቀለህ ስለይ ነው አንድ ልጅ ትዝ ያለኝ።

የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ ላብራቶሪ። የመዳብ ሽቦ ላይ ክብደት እያንጠለጠላችሁ ምን ያህል እንደረዘመ የምትለኩበትን ታስታውሳላችሁ? አንድ ቀን ሽቦ አለቀብንና ለአንድ ቡድን ጠዋት ሌላ ክፍል የሳበውን ሰጠሁ። የሌሎቹ ግራፍ አንድ ክብደት ላይ ሲደርስ ሲታጠፍ የዚያ ቡድን ግራፍ ቀጥ ብሎ ሄደ። የጻፈውን ልጅ «ቁጥሩን ከጭንቅላትህ ነው ያመጣኸው» ብዬ 3 ከ10 ሰጠሁት።

«ቲቸር፣ የኛ ሽቦ እኮ እንደነሱ አይደለም። ይጠነክራል» አለኝ።

«ሽቦ ሽቦ ነው። ቁጭ በል» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ በኔ ክፍለ ጊዜ እጁን ሲያወጣ አላስታውስም።

መዳብም እንደ ናስ ነው። ጠዋት የተሳበ ሽቦ ከሰዓት በኋላ ጠንክሮ ይጠብቃል፣ ግራፉ የሚታጠፈውም ከበድ ያለ ክብደት ላይ ነው። ይሄን አላውቅም ነበር ማለት አልችልም፤ ዩኒቨርሲቲ ተፈትኜበታለሁ። ልጁ በእጁ የያዘውን ሽቦ አይቶ ጻፈ። እኔ ደግሞ የምጠብቀውን መልስ ይዤ ቆሜ ነበር።

ስሙን አልጽፍም፣ እናንተም ኮመንት ላይ አትጻፉት። የምታገኙት ካላችሁ ግን ይሄን ላኩለት።

ወንድሜ፣ ማርኩን አሁን ባስተካክልልህ ምንም አይፈይድልህም። ያን ቀን የተናገርኩህ ክፍል ሙሉ ሰው ፊት ስለሆነ ይቅርታውንም እነሱው ፊት ልጠይቅህ ብዬ ነው። ልክ ነበርክ። ሽቦው አንድ አልነበረም።